የግራ ኪሴ ሽምብራ

ሥራ የጀመርኩት በጥር ወር፣ ከዲላ በላይ ባለው ደጋ፣ በውኃ ማጠራቀሚያው ግድብ ዳር ነው። መደቤ «የመስክ መረጃ ሰብሳቢ» ይባላል፤ በተግባር ወፍ ቆጣሪ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በማታ ትምህርት የጨረስኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ስለሆነ፣ በብዕር የማገኘው የመጀመሪያው እንጀራ ይህ ነበር። የመጀመሪያው ቆጠራ መፈተኛዬ ነው፤ ካልተሳካ ውል አይፈረምም።

አሠራሩን አስተባባሪያችን ዶክተር መላኩ አንድ ቀን ቀደም ብለው አሳዩኝ። ቴሌስኮፑ በሦስት እግሩ ይተከላል። ከግራ ወደ ቀኝ ይታያል፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ዓይን ከመስታወቱ ስለማይነሳ፣ በየአሥሩ ወፍ አንድ ፍሬ ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ ይዛወራል። በመጨረሻ የግራው ኪስ ተቆጥሮ ቅጹ ይሞላል።

«ጠጠርም ይሁን ባቄላ፣ ምርጫው የራስሽ ነው» አሉኝ።

እኔ የሽምብራ ቆሎ ያዝኩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ውኃው በጉም ተሸፍኖ የምቆጥራቸው የዱር ዳክዬዎች፣ የይብራዎቹ፣ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። የግድቡ ጥበቃ ጋሽ በየነ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጠገቤ ቆሙ።

«ጉሙ የሚገለጠው ለጥቂት ጊዜ ነው» አሉ። «ከዚያ ከብት ይወርዳል፤ ወፎቹም ይነሳሉ።»

እንዳሉት ሆነ። ጉሙ ከማዶ ጀምሮ ሲገለጥ ውኃው ይብራ በይብራ ነበር። ቆጥሬ ጨረስኩ። ከብቱ ወረደ፤ ወፎቹ ተነስተው ሄዱ።

ቴሌስኮፑን ስፈታታ ጋሽ በየነ «ኪስሽ ውስጥ የሚንኳኳው ምንድን ነው?» አሉ።

«ሽምብራ።»

እጃቸውን ዘረጉ። ታላቅ ሰው እጁን ዘርግቶ እምቢ አይባልም። ከግራ ኪሴ ዘግኜ ሰጠኋቸው፤ ራሴም ቃምኩ። ትዝ ያለኝ ለሁለተኛ ጊዜ ስሰጣቸው ነው።

«ጋሽ በየነ፣ ወፎቹን በላናቸው።»

ነገሩን ሳስረዳቸው ማኘካቸውን አቆሙ። «ጨው ያንሳቸዋል» አሉ። ቀጥለውም «ሃያ ምናምን ፍሬ ቢሆን ነው። ሁለት መቶ ወፍ ብለሽ ጻፊ። ወፍ ፍርድ ቤት አይሄድ» አሉኝ።

ጠዋት ከቤት ስነሳ በቀኝ ኪሴ የጨመርኩትን ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ ከቀሪው አሰላው ነበር። አልቆጠርኩም። ውሉን እያሰብኩ እስክሪብቶዬን ቅጹ ላይ ይዤ ቆየሁ። የቁጥሩን ዓምድ ባዶ ትቼ ማስታወሻው ላይ «ተቆጥሯል፤ መቁጠሪያው ተበልቷል» ብዬ ጻፍኩ።

ዶክተር መላኩ ከሰዓት በኋላ አነበቡት። መነጽራቸውን ጠርገው ደገሙት።

«ማነው የበላው?»

«እኔና ጥበቃው።»

«ግምት አትጽፊም ነበር?»

«ቅጹ የግምት ዓምድ የለውም።»

ቅጹን እንዳለ ፋይል ውስጥ አስገቡት። «ነገ በጠዋት ተመለሺ። ሽምብራውን እቤትሽ ተይው።»

ውሉ የተፈረመው ከሁለተኛው ቆጠራ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቀን ዓምድ ዛሬም ባዶ ነው።

አሁን የምይዘው ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና ነው፤ ከቤት ስወጣ ቆጥሬ እጨምረዋለሁ። ጋሽ በየነ አሁንም እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ አይተው ይመልሱልኛል።

አዲስ ለምትመጡ ቆጣሪዎች፦ መቁጠሪያችሁ የሚበላ ነገር አይሁን። የጠፋ ቁጥር ደግሞ ጠፋ ተብሎ ይጻፍ።