ውሃው ጎደለ ወይ?

አንድ ቀላል የተማሪ ጥያቄ ክው አድርጓችሁ ያውቃል? እኔን ባለፈው ሳምንት፣ እዚሁ ከሚሴ፣ ሰባተኛ ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዝኩ አጋጠመኝ። ካርታ ሰቅዬ ስለ ወንዞች ሳስተምር ፊት ወንበር የምትቀመጠው ከድጃ ተነሥታ መጣችና በአፍሪካና በዐረብ ምድር መካከል ያለችውን ቀጭን ሰማያዊ መስመር በጣቷ ጫፍ ሸፈነቻት።

«ቲቸር፣ ይቺ ወንዝ እኮ ጠባብ ናት። ስትጎድል ይሻገሯታል አይደል?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን የወንዛችን የቦርከና ዳር እርጥብ አሸዋ ሽታ ከእናቴ ድምፅ ጋር መጣብኝና መሳቅ አቃተኝ።

ቦርከናን ለሚያውቅ ሰው የከድጃ ጥያቄ ሞኝነት አይደለም። በልጅነቴ፣ ክረምት ላይ ደጋው ሲዘንብበት፣ ቦርከና ደፍርሶ ግንድ እያንከባለለ ይመጣና ማዶ ካለው እርሻችን ይለየን ነበር። ያኔ ትልልቆቹ ውሃው ጠርዝ ላይ ዱላ ይተክሉና ቁጭ ብለው ያወራሉ፤ በአማርኛ የጀመሩትን ቀልድ በኦሮምኛ ይጨርሱታል። ዱላውን ውሃ ከዋጠው «ገና ነው» ተብሎ ወደ ቤት ይኬዳል፤ ዱላው ደረቅ ላይ ከቀረ «ጎደለ» ተብሎ ልብስ ሰብሰብ አድርጎ መግባት ነው። አንዴ መጉደል የጀመረ ውሃ፣ ደጋው እንደገና ካልዘነበበት፣ አይመለስም። ታላቅ ወንድሜን ጀማልን የሚያህል በዱላው የሚያምን ሰው አልነበረም፤ ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ሲሻገር «ዱላው ፈቅዷል፣ አንቺን ምን ያስጮህሻል?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ጀማል ከጎረቤታችን ልጅ ከሰይድ ጋር ሳዑዲ ለመሻገር ሲወጣ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። በጋ ነበር። ሳይሰናበቱን ሄደው፣ ድምፃቸው ጠፍቶ ከርሞ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ፤ እማ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እማ፣ ገላናው ዳር ደርሰናል» አለ ጀማል። ገላና በእኛ ቤት ኦሮምኛ ትልቅ ውሃ ነው፤ የሞላ ወንዝም ይሁን ባሕር ቃሉ አይለየውም። «ዱላ ተክያለሁ። እየጎደለ ነው። ጀልባዋ ድረስ በእግራችን እንገባለን።»

«ከጎደለማ አልሐምዱሊላህ!» አለች እማ። «ብቻ እንዳትጣደፍ ልጄ፣ ዱላውን እያየህ።»

ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። አባ ልጅ ሳዑዲ ያለው ሰው ሁሉ ዘንድ እየዞረ ጠየቀ፤ የሰማ የለም። እማ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እኔን አስከትላ ቦርከና ትወርድና ጠርዙ ላይ ዱላ ትተክላለች። የሰይድ እናት እትዬ ዘሀራም አብራን ትመጣለች። በበጋ ወንዝ መቼም ዕለት ዕለት ይሸሻልና፣ በማግስቱ ዱላው ደረቅ ላይ ቆሞ ሲገኝ የሁለቱም ፊት ይፈታል።

«አየሽ ዘሀራ፣ ዛሬም ጎድሏል።»

«የእኔው እንደሆን ዋና አያውቅም» ትላለች እትዬ ዘሀራ፣ ለመሳቅ እየሞከረች። «ያንቺው ይሸከመው እንጂ፤ ምላሱ ካልከበደው!»

ዛሬ አስተማሪ ስለሆንኩ ነገሩን በቅደም ተከተል ማስረዳት እችላለሁ። ወንዝ መንገዱ ቁልቁል ብቻ ነው፤ ከሞላ ደጋው ዘንቧል፣ ከጎደለ አባርቷል። ባሕር በሚገባበት አፉ ላይ ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ ጣፋጩና ጨዋማው ውሃ ይደባለቃሉ፣ ባሕሩ ሲሞላ ወንዙን ወደ መጣበት ይገፋዋል፣ ሲጎድል ይለቀዋል። የእኛ ቦርከና አዋሽን ተቀላቅሎ፣ አዋሽም አፋር ምድር ሐይቅ ውስጥ ስለሚቀር፣ እንዲህ ያለውን አፍ አናውቀውም። የባሕር ሰርጥ ደግሞ ካርታ ላይ ወንዝ ቢመስልም ምንጭ የለውም፤ ግራ ቀኙ ባሕር ነው። ውሃው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይሮጣል፤ የሚስበው በዋናነት ጨረቃ እንጂ የደጋ ዝናብ ስላልሆነ፣ ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ይጎድላል፣ ጥርት ብሎ ሳለም ተመልሶ ይሞላል። ያኔ ቦርከና ዳር ከቆምነው ውስጥ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ሁለት እናቶች የአንዱን ውሃ ጉድለት በሌላው ይለኩ ነበር።

አንድ ዓርብ፣ ሰው ከጁምዓ ሲመለስ፣ ጀማል በራችን ላይ ከባጃጅ ወረደ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ እግሩ ባዶ ነው። እማ እልል እያለች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እትዬ ዘሀራ ግን አልፋው ሄዳ ባጃጁ ውስጥ አጎንብሳ አየች። ወንበሩ ባዶ ነበር።

ጀማል በኋላ እንደነገረን፣ ውሃው ወገቡ ሲደርስ፣ እማ እንዳለችው ዱላውን ለማየት ዞረ፤ ዱላው የለም። ቀና አለ፤ ሰማይ ላይ የደመና ጭረት የለም።

«ሰይድ! ዱላውን ዋጠው፣ እንመለስ!»

«ያንተ ዱላ የሚያውቀው ቦርከናን ነው! ና ግባ፣ ፈሪ!» አለና ሰይድ እየሳቀ ጀልባዋ ላይ ተንጠላጥሎ ወጣ። ጀማል አንገቱ ድረስ ጠልቆ ወደ ዳር ተመለሰ። ስለዚያች ጀልባ እስካሁን የነገረን ሰው የለም።

ዛሬ ወደ እርሻችን ድልድይ አለ። ዱላ የሚተክል፣ ውሃ እስኪጎድል ቁጭ ብሎ የሚቀልድ ሰው ቀርቷል። እትዬ ዘሀራ ብቻ፣ ጀማል በደጇ ባለፈ ቁጥር፣ እንደ ሰላምታ ትጠይቀዋለች፦ «ውሃው ጎደለ ወይ?» ያ ምላሰኛ ወንድሜ መሬት መሬት እያየ ያልፋል።

ከድጃን ከክፍል ስንወጣ «ለማን ብለሽ ነው የጠየቅሽው?» አልኳት። ጫማዋን እያየች ወደ ቤቷ ሮጠች። በማግስቱ ተማሪዎቼን ቦርከና ወስጄ ዱላ አስተከልኳቸውና የሁለቱን ውሃ ጠባይ የጀማልን ታሪክ ጨምሬ ነገርኳቸው። ስንመለስ ከድጃ ዱላውን ነቅላ በብብቷ ያዘች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ለእኅቴ ነው፣ ቲቸር። ልንገራት።»

እባካችሁ እናንተም ሞክሩት። ቅርባችሁ ባለው ወንዝ ጠርዝ ላይ ዱላ ትከሉ፤ በማግስቱ ሄዳችሁ እዩት። ከዚያ ለመሻገር የሚያስብ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ እጁን ይዛችሁ ዱላው አጠገብ አቁሙትና ይህ ዱላ ስለዚያኛው ውሃ ምንም እንደማያውቅ ንገሩት።