በአንደኛ ማርሽ

ወንድሜ ከትግል ሜዳ ሲመለስ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ እዚያው ትቶ ነው የመጣው። ፈንጂ ነው። እሱ ከተራራ ተራራ ሲዋጋ እኔ አስመራ ውስጥ በአማርኛ ተምሬ፣ የጽሕፈት ቤት ሥራ ይዤ፣ የሬዲዮኑን ድምፅ ቀንሼ ስለ ሜዳ ወሬ ስለቃቅም ነው የኖርኩት። ስለዚህ ፊቱን ቀና ብዬ ለማየት አፍር ነበር። ምንም ባደርግለት የሚበቃ አይመስለኝም ነበር።

የነጻነቱ ሰሞን ከተማው ሁሉ ደጅ ነበር። እሱ ግን ዓባ ሻውል ካለው ቤታችን አይወጣም። ምርኩዝ ይዞ ቁልቁለቱን ወርዶ መልሶ መውጣት ያደክመዋል፤ ሰው ደግፎ ሊያሻግረው ሲል ደግሞ ይናደዳል። በመጨረሻ ሞተር ሳይክል ልግዛ አለ። ችግሩ በእግር የሚረገጠው ማስነሻ በአብዛኛው ሞተር ላይ በቀኝ በኩል መሆኑ ነው። ለወራት አፈላለግን። አንድ ቀን ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር ውስጥ ማስነሻው በግራ የሆነ አሮጌ የጣሊያን ሞተር የሚሸጥ ሽማግሌ እንዳለ ሰማንና ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። በመንገድ ላይ፣ የከተማ ዕቃ ስለ ረሳ እኔ በደንብ እንድመለከትለት፣ ያየሁትንም ሳልደብቅ እንድነግረው አጥብቆ አደራ አለኝ። እሺ አልኩ።

ሽማግሌው የወንድሜን እግር አላወቀም። ሰው አዝኖልኝ ዋጋ እንዳይቀንስልኝ ብሎ ሰው ሠራሹን እግር በረጅም ሱሪና በጫማ ሸፍኖታል። ለሽማግሌው የታየው ትንሽ የሚያነክስ ሰው ብቻ ነው። የእግሩ ማሰሪያ ላልቶበት ከግንቡ ጀርባ ሄዶ ሲያጠብቅ፣ ሽማግሌው ሞተሩን አስነሥቶ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረ። ያኔ አየሁት። ማርሹን የሚለውጠው በቀኝ እግሩ ነው። በጫማው አፍንጫ ወደ ላይ ሲያነሳው አንደኛ ገባ፤ ወደ ታች ሲረግጠው ሁለተኛ። የወንድሜ ሰው ሠራሽ እግር ይህን ማድረግ አይችልም።

አፌን ልከፍት ስል ወንድሜ መጣ። አንድ እጁን ግንቡ ላይ ደግፎ ማስነሻውን በግራ እግሩ ረገጠው። በሁለተኛው ርግጫ ተነሳለት። ሳቀ። ከተመለሰ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ነገሩን ዋጥኩት። ቤት ስንደርስ እነግረዋለሁ፣ መካኒክም መላ አያጣለትም እያልኩ ራሴን ደለልኩ። ድሮም ፈሪ ነኝ።

ገዛን። ከግቢው በር ወጥተን ሞተሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ወደ ቀኙ አጎንብሶ ብዙ ቆየ። የገባው መሰለኝ። ግን እስከ ዋናው መንገድ እንድገፋው ብቻ ነገረኝ። ዋናው መንገድ ስንደርስ ደግሞ «ትንሽ ወደ ፊት» አለ። እኔ መንዳት አልችልም፤ ወደ ሻጩ እንመለስ እንዳልል አፌ ተይዟል፤ እሱም የጭነት መኪና መለመን አይወድም። እሱ ምርኩዙን ከፊቱ አጋድሞ መሪውን ይዞ፣ እኔ ከኋላ እየገፋሁ፣ አንዱን ነገር ሁለታችንም ተደባብቀን ግማሽ ከተማ አቋረጥን።

አንድ ፌርማታ ላይ የቆሙ ሴቶች ጎፈሬውን አይተው ታጋይ መሆኑን አወቁ። ያን ጊዜ ታጋይ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ አልነበረም። እልልታው ቀለጠ። ከቡና ቤት ወንዶች እያጨበጨቡ ወጡ፤ ሁለቱ ከጎኔ ገብተው መግፋት ጀመሩ። አንደኛው ሞተሩ ምን እንደሆነ ሲጠይቀው ወንድሜ ቤንዚን አልቆ ነው አለው። ሲዋሽ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

ይህን ባይል ይሻል ነበር። አንድ ባለ ታክሲ ወዲያው መኪናውን አቁሞ፣ በጎማ ቱቦ ከራሱ መኪና ቤንዚን በአፉ ስቦ፣ በጀሪካን ይዞ መጣ። ወንድሜ «ኣይፋል፣ የቐንየለይ»፣ ግድ የለም፣ አመሰግናለሁ፣ እያለ ሊከላከል ሞከረ። ማን ይስማው። ሽማግሌው የተወለት ቤንዚን ጥቂት ስለነበር ውሸቱ አልታወቀበትም። አንዲት እናት ጉንጩን ሳመችውና፣ «በል ንዳ ወደይ፣ ንዳ ልጄ፣ ስትሄድ እንይህ» አለችው።

ረገጠው፤ ተነሳ። ሰዉ አጨበጨበና እስኪሄድ ጠበቀው። ወንድሜ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ ተቀምጧል። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። አላስቻለኝም። የጫማ ክር እንደሚያስር ሰው በቀኙ በኩል ተንበርክኬ ማርሹን በእጄ ወደ ላይ ሳብኩት። ገባ። ሞተሩ አንዴ ዘለል ብሎ ሄደ።

እስከ ዓባ ሻውል ድረስ በአንደኛ ማርሽ እያጓራ ተጓዘ፤ እኔ ከኋላው እሮጣለሁ። ሰዉ መንገድ ይለቅለታል። ከኋላ ሲታይ ቀጥ ብሎ ነው የተቀመጠው። ደስ እንዲለኝ ሞከርኩ።

የመንደራችን ጠባብ መግቢያ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። አልወረደም።

«ማንም ያላየ ሰው ቢሆን ማርሹን ወደ ታች ነበር የሚጫነው» አለኝ። «አንተ ወደ ላይ ሳብከው። መቼ ነው ያየኸው?»

«ግቢው ውስጥ፣ ሽማግሌው ሲነዳ» አልኩት። «ከዚያ ስትስቅ አየሁህና...»

አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሜዳ ላይ፣ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ከፊት የሚሄደው ፈንጂ አይቶ ዝም አይልም» አለኝ። «ከኋላው ያለው እየሳቀም ቢሆን።»

አንተስ ደብቀኸኝ የለም ወይ ልለው እችል ነበር። ግን እሱ የደበቀው የራሱን ጉዳት ነው፤ በዚያ ማንንም አልጎዳም። ይህ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ሞተሩ በወሩ ለአንድ የጸጸራት ሰፈር ሰው ተሸጠ። ወንድሜ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። አብረን እንበላ ነበር፣ እንጫወትም ነበር። ግን የእግሩ ማሰሪያ በትክክል መታሰሩን ሲጠራጠር ወይም ከደረጃው በታች ውሃ አቁሮ እንደሆነ ማወቅ ሲፈልግ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ እያለሁ እናታችንን ይጠራል። የእናታችንን አንድ ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ ሌላውም ደክሟል። «እወ ወደይ»፣ አዎ ልጄ፣ ብላ ግድግዳውን እየዳሰሰች ትመጣና፣ ጎንበስ ብላ መሬቱን በእጇ ትነካለታለች።