ሎርን ባውማን ያገኘው ቁጥር

የሎርን ባውማንን ግትርነት ድፍን የዋተርሉ ከተማ ያውቀዋል። ስወድለት ኖሬያለሁ፤ አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። ዕድሜ ልኩን ኮሌጅ ሒሳብ አስተማረ፤ ዶክትሬት ስለሌለው ግን የትናንት ልጆች አለቃ ሆኑበት። በሃምሳ አራት ዓመቱ "ከማን አንሼ!" ብሎ ተመዘገበ። ጥናቱ ስለ ወንዝ በረዶ ነው፤ አየሩ ሲሞቅ በምን ፍጥነት እንደሚሳሳ። ሰባት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ መሰርሰሪያ ተሸክሞ በረዶ ላይ ወጣ። ሁለት ጣቱን ውርጭ በላበት።

የለካውን ሁሉ የሚያስገባው እኔ የምሠራበት ድርጅት በሚሸጠው የአልጀብራ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበር። እኔ እዚያ የደንበኛ ጥያቄ መላሽ ነኝ። ሎርን ደግሞ ለሚፈልገው ቁጥር የግሪክ ፊደል ካልሰጠ አይሆንለትም።

"ኤክስና ዋይ የተማሪ ነው፣ ቨርና። አዋቂ በግሪክ ነው የሚጽፈው" ይለኛል።

በረዶው የሚሳሳበትን ፍጥነት ጋማ አላት፤ γ።

ዓርብ ዓርብ ከርሊንግ ክለብ፣ በረዶ ላይ ድንጋይ የማንሸራተት ጨዋታ፣ አንድ ቡድን ነን። ባለፈው የካቲት ከጨዋታ በኋላ ጠረጴዛውን ደበደበው።

"ዛሬ ቢራው በእኔ ነው!"

"ምን ተገኘ? ሎተሪ ወጣልህ?"

"የተፈጥሮ ሕግ ተገኘ! አምስት ወንዝ! ብርዱ ቢለያይ፣ ውሃው ቢለያይ፣ ጋማ አንድ ናት። ንቅንቅ አትልም! ሐሙስ የዶክትሬት ፈተናዬ ላይ ፕሮፌሰሮቹ አፋቸውን ይዘው ይቀራሉ።"

ወረቀቱን ዘረጋልኝ። 0.5772። አምስት ጊዜ።

ክው አልኩ። ያቺ ቁጥር የወንዝ አይደለችም፤ የፕሮግራሙ ናት። የሠሩት ሰዎች γን ለአንድ የታወቀ የሒሳብ ቁጥር ሰጥተው ቆልፈዋታል። γ ስንት ናት ብለህ ስትጠይቀው ያንተን ትቶ የራሱን ይነግርሃል፤ አንዲት ቃል አያስጠነቅቅም። ሎርን ወንዙን የጠየቀ ሲመስለው ማሽኑን ነበር የጠየቀው።

ሐሙስ ሰው ፊት ከሚዋረድ ብዬ ነገርኩት።

"አትቀልጂ" አለ።

"ስሙን ቀይረህ ሞክረው።"

ላፕቶፑን እዚያው ከፈተ። γን አጥፍቶ ተራ ስም ሰጣት። አምስት ወንዝ፣ አምስት ቁጥር፤ አንዱ ካንዱ አይገናኝም።

"መመሪያው ላይ ተጽፏል" አልኩት። ሥራ ቦታ አፌ የለመደው ነው። ምላሴን በቆረጠው!

"ሌላም ሰው እንዲህ ሆኗል?"

"በየዓመቱ አንድ ሁለት ሰው ይጽፍልናል። ማስጠንቀቂያ ይግባበት ብዬ ነበር፤ አለቃዬ 'ደንበኛ ይደነግጣል' ብሎ ሰረዘው። እኔም ተውኩት።"

"መቼ?"

መዋሸት አማረኝ።

"የዛሬ አሥራ አራት ዓመት።"

"ጋማ፣ ጋማ ስል ሰባት ዓመት አጠገቤ ቢራ ስትጠጪ ነበር" አለኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

ጓደኛ ሲያወራ ደንበኛ አይመስልም። እውነት ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም። እውነት መሆኑ ለእሱ ምን ያደርግለታል?

ሰኞ ከዶክትሬቱ ስሙን አስፋቀ። በቀጣዩ ዓርብ ክለብ መጣ፤ ከሌላ ቡድን ጋር። "ሎርን፣ እንደምን ነህ?" አልኩት። አልሰማኝም ብዬ ራሴን አላታልልም፤ ሰምቶኛል።