ቴፑን ያረሙት መሪጌታ

ዘርአ ዳዊት ደብረ ብርሃን ላይ የታወቀ አናጢ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ግን ሰው በሩንና መስኮቱን ትቶ ስለ ጊታሩ ያወራ ጀመር። ጊታሩን ያገኘው ከአንድ ፈረንጅ አስተማሪ ነው። ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ አንገቱ የተሰበረውን ጊታር፣ "እንጨቱ ለአንድ ነገር ይሆንሃል" ብሎ ጥሎለት ሄደ። ዘርአ ዳዊት ሊፈልጠው አልጨከነም። አንገቱን በኮላ አጣብቆ፣ በሲባጎ ጠፍሮ፣ ሦስት ቀን አደረቀው። ከዚያ ስድስቱን ክሮች ቆጠረና አንዷን ትርፍ ናት ብሎ አወለቃት፤ እሱ የሚያውቀው ክራር አምስት ነበራ! አምስቱን በክራር ቅኝት ቃኝቶ ከሥራ መልስ መነካካት ያዘ። አስተማሪ ስለሌለው ተሳሳትክ የሚለውም አልነበረም።

ዓመት ያህል ሲታገል ቆይቶ አንድ የራሱን ዜማ አወጣ። ቃል የለውም፤ ዜማ ብቻ ነው። በዚያ ሰሞን የጽሕፈት መኪና ጸሐፊው ተክለጊዮርጊስ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ገዝቶ ሠፈሩን ሁሉ ሲያስቀና ነበርና፣ ዘርአ ዳዊት ለምኖ ለሳምንት ተዋሰው። እሁድ ከሰዓት በኋላ በሩን ዘጋ፣ ሚስቱን በሰለችን "ትንፍሽ እንዳትዪ" ብሎ አስጠነቀቀና ቀዳ። እሷ ትንፍሽ አላለችም። ማስጠንቀቂያው ያልደረሰው የጎረቤት አውራ ዶሮ ነው።

ሰኞ ዕለት ለተክለጊዮርጊስና ለአናጢ ጓደኞቹ አሰማቸው።

"ግሩም ነው! አንተ ለካ ጉድ ነህ!" አሉት። ተክለጊዮርጊስማ፣ "ዶሮው ደግሞ እንዴት ያለ ቦታ ላይ ነው የገባው!" ብሎ በሳቅ ፈረሰ። ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ተበተኑ። ዘርአ ዳዊት ግን ከፋው። ሰው ሲመሰገን ይከፋዋል እንዴ? የአባቱን ቤት ለሚያውቅ፣ አዎ ይከፋዋል።

አባቱ መሪጌታ ወልደአረጋይ አንኮበር ላይ የድጓ መምህር ናቸው። በጉባኤያቸው ልጃቸውም ቢሆን የሚጠራቸው እንደ ሌላው ተማሪ "የኔታ" ብሎ ነው። ተማሪው ያዜማል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የተሳሳተ እንደሆነ በመቋሚያቸው መሬቱን ደቅ አድርገው "ተመለስ!" ይላሉ። ተማሪው ከሳተበት ቦታ ይመለሳል፤ አሥር ጊዜም ቢሆን ይመለሳል። እንግዳ መጥቶ ሲያዜም ግን፣ የቱንም ያህል ቢስት፣ መቋሚያው ንቅንቅ አይልም። "ቃለ ሕይወት ያሰማልን" ይባልና ጠላ ይቀዳለታል።

ዘርአ ዳዊት በአሥራ ስድስት ዓመቱ ድጓውን ትቶ መጋዝ ሲይዝ አባቱ አልተቆጡም፣ አልረገሙም። በዓመቱ ለበዓል ሄደና ማኅሌት ቆመ። አዜመ፤ የረሳው ቦታ ሲደርስ ተንገዳገደ። መቋሚያው ዝም አለ። ቤት ሲገቡ አባቱ "ቃለ ሕይወት ያሰማልን" አሉትና ወደ እህቱ ወደ አመተ ማርያም ዞረው፣ "ለእንግዳችን ቅጂለት" አሏት። ያን ጠላ አንዴ ተጎንጭቶ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ በየበዓሉ እንግዳ ነው።

ስለ ቴፑ ያላመሰገነችው በሰለች ብቻ ናት።

"መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ይጎድለዋል" አለችው። "ምን እንደሆነ እኔ አላውቀውም።"

"ታዲያ ማን ያውቀዋል?"

"አባትህ ናቸዋ!"

"አብደሻል? ጊታር ተሸክሜ እሳቸው ደጅ ልድረስ?"

"ጊታሩን ማን ውሰድ አለህ? ቴፑን ውሰድ።"

"የአዝማሪ ነገር ይዘህብኝ መጣህ ብለው ቢያባርሩኝስ?"

"እንግዳ ደግሞ መቼ ይባረራል?" አለችው። እውነቷን ነው። የቆጨውም እውነቷን መሆኑ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቴፑን በጋቢ ጠቅልሎ፣ በጭነት መኪና ላይ እንደ ሕፃን አቅፎት አንኮበር ገባ። ጉባኤው ተበትኖ አባቱ መደቡ ላይ ጋደም ብለዋል። መቋሚያው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

"አባባ፣ የማሰማዎት ነገር ነበረኝ" አለ።

"ምንድን ነው?"

"አንድ ጀማሪ የቀዳው ነው።" የራሱ መሆኑን ሊናገር አስቦ ፈራ።

"ይሁን፤ እንስማው" አሉና ተነሥተው ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቴፑ ጀመረ። ዶሮው ሲጮህ አመተ ማርያም አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቱ ፊታቸው ላይ ምንም የለም። ዘርአ ዳዊት መቋሚያውን ያያል፤ መቋሚያው ከግድግዳው ጋር ነው። ዜማው ወደ ማብቂያው ተቃረበ። አሁን "ቃለ ሕይወት" ሊሉኝ ነው ብሎ አንገቱን ደፋ። አባቱ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን ወደ ግድግዳው ሰደዱ።

ደቅ! "ተመለስ!"

ቴፑ አልተመለሰም። ወደፊት ቀጠለ።

ደቅ! "ተመለስ ብዬሃለሁ!"

"አባባ፣ ዕቃ እኮ ነው!" አለች አመተ ማርያም።

"ዕቃው ምን አጠፋ? ልጁን ነው የምለው! ድምፁ እየተንሸራተተ የሚወርድባትን ቦታ ዛሬም ይቆርጣታል። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ቆረጣት፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ ቆረጣት፣ ይኸው ጢም አውጥቶም ይቆርጣታል!"

ዘርአ ዳዊት ክው አለ። የራሴ ነው ያለው ዜማ ማብቂያው አባቱ ያስተማሩት ነበር። ዜማውን ከነስህተቱ ይዞት ኖሮ፣ ጣቱ ያንኑ አወጣው። ቴፑን አጠፋ።

"በል፣ በአፍህ ተመለስ" አሉት። "መሣሪያው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ክሩ ግን ላልቷል፤ አጥብቀው።"

አዜመ። ደቅ! ደግሞ አዜመ። ደቅ! በአምስተኛው ላይ ላብ አጠመቀው። አመተ ማርያም አሳዘናትና ጠላ በብርጭቆ ይዛ ብቅ አለች።

"መልሺው" አሉ አባቱ። "ተማሪ መሃል ላይ አይጠጣም።"

ዘርአ ዳዊት በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አባቱ ቤት ጠላ ሲከለከል ይህ የመጀመሪያው ነው። ጉሮሮው ደርቋል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ እንዲያ ደስ ብሎት አያውቅም።

"ምን ትጠብቃለህ?" አሉት።

"እሺ፣ የኔታ" አለና ከሳተበት ተመለሰ።