ወንዙን ተከትላ የምትነዳው ሴትዮ

ሴትዮዋ ብቻዋን እየነዳች ነው የመጣችው። በዚህ ፔንሲዮን ስንቱን እንግዳ አሳድሬያለሁ፤ እንደሷ ነገረ ሥራው ያላማረኝ ግን የለም። መኪናዋ እስከ መስኮቱ ጭቃ ለብሷል፣ ቀሚሷ ላይ ግን አንዲት ጉድፍ አይታይም። ክፍሉን ሳሳያት አልጋውን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ መስኮቱን ከፈተችና ወንዙ ላይ ፈዛ ቀረች።

«ከላይ ካሉት ከተሞች ይልቅ እዚህ ይሰፋል» አለች፣ ለራሷ።

ጠዋት ወደ ወንዙ ስትወርድ ቀስ ብዬ ተከተልኳት። አንዱን ጀልባ ቀዛፊ ይዛ «ውሃው የወሰደውን የት ነው የሚተፋው?» ትለዋለች። በቃ፣ ዕቃ የጠፋባት ኮንትሮባንዲስት ናት አልኩ በሆዴ። ሰውየው ወደ ታች፣ ቀጣዩ ከተማ አጠገብ ወዳለው የወንዙ መታጠፊያ በአገጩ አሳያት። ወዲያው ተመልሳ ክፍሉን ለቀቀች።

ሻንጣ ልያዝልዎት ብዬ አብሬያት ወጣሁ፤ ዓይኔ ግን መኪናው ውስጥ ነበር። የኋላ መስኮቱ ላይ የተተኮሰ የወንድ ሸሚዝና ወፍራም ሹራብ ተሰቅሏል። ወንበሩ ላይ ፎጣ ታጥፎ ተቀምጧል።

«ባለቤትዎ ከኋላ እየመጡ ነው እንዴ?» አልኳት።

«የልጄ ነው» አለችና ሞተሩን አስነሳች። «ከውሃው ሲወጣ ይበርደዋል።»