ትርፍ ቁልፍ

እትዬ ሸዋረገድን የማያውቅ የነፋስ ስልክ ሰው ካለ፣ እሱ ቤት ተከራይቶ የማያውቅ ዕድለኛ ነው። ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ ግቢያቸው ጓሮ ያሉትን ሦስት ክፍሎች የሚያከራዩ ባልቴት ነበሩ፤ ባላቸው ሲሞቱ የተዉላቸው ጥሪት ይኸው ነው። ታዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሯቸውን ትርፍ ቁልፎች ፈትተው ክፍሎቹን ይጎበኛሉ። ማንኳኳት የለ፣ «ቤቶች!» ማለት የለ፣ ሰተት ነው!

«የገዛ ቤቴን ማንን ነው የማስፈቅደው?» ይላሉ።

አቤት ያቺ ጉብኝት! ግድግዳው ላይ የተመታውን ምስማር ይቆጥራሉ፤ ካለፈው ሳምንት አንድ ከጨመረ ያ ተከራይ አለቀለት። ብርድ ልብስ ገለጥ፣ ድስት ከፈት፣ ከዚያ «ሽሮሽ ቀጥኗል» ብሎ ምክር። ዋቅቶላ የሚባል ሾፌር ገላውን ሲታጠብ ገብተውበት፣ እሱ በድንጋጤ ፎጣ ሲያጣ፣ እሳቸው ፍንክች ሳይሉ «ውኃውን ወደዚያ አትርጭ፣ ግድግዳው ይፈርሳል» ብለው ምስማራቸውን ቆጥረው ወጡ። ሰፈሩ ይህን ባነሳ ቁጥር ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። አይ ጊዜ!

በ1967 ሐምሌ ላይ አዋጅ ወጣና ሦስቱም ክፍሎች «ትርፍ ቤት» ተብለው ለቀበሌ ሆኑ። እትዬ ሸዋረገድ ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። በአራተኛው ቀን ትርፍ ቁልፎቹን ወስደው አስረከቡ፤ ሁለቱን ብቻ። ሦስተኛውን፣ የልብስ ሰፊዋን የበቀለችን፣ «ጠፍቶብኛል» አሉ። ለምን እንዳስቀሩት እሳቸውም አያውቁት። ሰው ዕድሜውን ከደከመበት ቤት አንዲት ነገር እንኳ አያስቀርም እንዴ?

በቀለች ከወላይታ የመጣች፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ደንበኞች ይመጡላትና በሩ ተዘግቶ የስፌት መኪናው ትርርር ሲል ይውላል። የእትዬ ሸዋረገድ ዓይን ግን የዋዛ ዓይን አይደለም። እነዚህ ደንበኞች ጨርቅ ይዘው አይገቡም፣ ልብስ ይዘውም አይወጡም። ነገሩ ሆዳቸውን በላው።

በ1972 አንድ ቅዳሜ በቀለች ገበያ ስትሄድ አላስችል አላቸውና ጓጉንቸሩን ከፍተው ገቡ። ምስማሩ ያው አራት ነው። አልጋው ሥር ጎንበስ ቢሉ ሰባት ዱካ ተደርድሯል። ለአንዲት ብቸኛ ሴት ሰባት ዱካ ምን ያደርግላታል? ከዱካዎቹ ኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ ቅዱስና በእጅ የተጻፈ የመዝሙር ደብተር አገኙ። ያኔ ገባቸው። ለካ ጴንጤ ናት! መኪናው ባዶውን የሚረገጠውም የጸሎቱን ድምፅ እንዲሸፍን ኖሯል። በዚያን ጊዜ እንዲህ ተሰብስቦ ሲጸልይ የተገኘ «መጤ ሃይማኖት» ተብሎ ይታሰራል፤ ቤቱንም ይነጠቃል።

ቀና ሲሉ በቀለች ደጃፉ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ያረፈው ደብተሩ ላይ ሳይሆን ቁልፉ ላይ ነው።

«እትዬ፣ አስረክበውታል ብዬ ነበር እኮ» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ስንት ዓመት ሙሉ ቤቴ ነው ብዬ ነው የምተኛው።»

እትዬ ሸዋረገድ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር። «ቤቴ ቤቴ፣ ገመና ከታቼ» እያሉ ያደጉ ሴት፣ የሰው ገመና ሲገልጡ መኖራቸው ገና ያን ቀን ታወቃቸው። ቁልፉን ግን፣ አይ የሰው ልብ፣ ይዘውት ወጡ። በቀለችም ጓጉንቸሩን አልቀየረች። ብቀይር ተቀይመው አፋቸውን ይከፍቱብኛል ብላ ፈርታ እንደነበር ኋላ ነግራቸዋለች።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ በረቡዕ፣ እትዬ ሸዋረገድ ምስር ሲለቅሙ የቀበሌው ቤት ተቆጣጣሪ ጓድ ዱጉማ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ ወደ ግቢው ሲመጣ በአጥሩ ቀዳዳ አዩ። ከጓሮ የስፌት መኪናው ትርርር ይላል። ሰፌዱን ጥለው ብድግ አሉ፤ በዚያ ጉልበታቸው እንዴት እንደሮጡ እንጃ! የበቀለች በር ላይ ክፍቱን የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር ይዘው ከውጭ ቀጭ! አደረጉት። መኪናው ቀጥ አለ። ውስጥ ያሉት ሰዎች «አለቀልን፣ አሮጊቷ ቆልፈው አሳልፈው ሰጡን» አሉ።

«ጓዲት ሸዋረገድ፣ ይህን ክፍል ልንፈትሽ ነው» አለ ዱጉማ።

«ልጅቷ ወጥታለች። ጓጉንቸሩን አታይም?»

«ትርፍ ቁልፍ እርስዎ ጋ አለ ይባላል።»

«ድሮ ነው የጠፋው።»

«ይምላሉ?»

ጉድ ፈላ! እትዬ ሸዋረገድ ወር በገባ በአሥራ ዘጠኝ ብስራተ ገብርኤልን ሳይሳለሙ የማይውሉ ሰው ናቸው። በሐሰት ምለው አያውቁም። ቁልፉ ደግሞ መቀነታቸው ውስጥ ሆኖ ጎናቸውን ይቆረቁራቸዋል።

«ገብርኤልን፣ የለኝም!» አሉ። ከዚያ ንዴቱ መጣላቸው፤ «ደግሞስ ባለቤቷ በሌለችበት የሰው ጓዳ መግባት ምን የሚሉት ስድነት ነው? እናትህ እንዲህ ነው ያሳደገችህ?»

ይህን ያሉት እንግዲህ እትዬ ሸዋረገድ ናቸው! ዱጉማ ጓጉንቸሩን ሳብ ሳብ አድርጎ፣ እያጉረመረመ ሄደ።

እሳቸውም ኮቴው እስኪርቅ ጠብቀው ጓጉንቸሩን ከፈቱ። በሩን ሊገፉ እጃቸውን ሰደዱና መለሱት። አንኳኩ።

«ቤቶች!» አሉ።

በቀለች ከውስጥ «ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ ሸዋረገድ። ሄደዋል። ልግባ ልጄ?»

በሩ ሲከፈት ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖሩላት። ስለ መሐላው የንስሐ አባታቸው መቶ ስግደት አዘዟቸው፤ «ጴንጤዎቹ አሰገዱኝ!» እያሉ ወር ሙሉ ጉልበታቸውን በቅቤ ሲያሹ ከረሙ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን መሄዱን አልተዉም። አንኳኩተው፣ ተፈቅዶላቸው፣ ዱካ ስበው ይቀመጣሉ፤ ምስማር መቁጠሩ ቀረ።

ኋላ ሕመም አልጋ ላይ ሲጥላቸው የራሳቸውን ቤት ቁልፍ ለበቀለች ሰጧት። ቁልፉ በእጇ እያለ፣ ጠዋት ጠዋት አጥሚት ይዛ ስትመጣ ውጭ ቆማ «ቤቶች!» ትላለች፤ «ግቢ ልጄ» እስኪሏት ትጠብቃለች። በ1981 አንድ ቅዳሜ «ቤቶች!» ብላ ጠበቀች። ደግማ ጠራች። አጥሚቱ በእጇ ላይ እስኪቀዘቅዝ ቆመች።

ሳይፈቀድላት የገባችው ያን ቀን ብቻ ነው።