የሀብተሥላሴ አንድ ጭልፋ ጎመን

ሰባ አምስት ነበር። ወይስ ሰባ ስድስት? እንኳየሁ ይህን ነገር ባነሣች ቁጥር እዚሁ ላይ ትደናቀፋለች። «መንገዱን ናዳ የቆረጠው ዓመት ነው» ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ፣ «ናዳውስ ቢሆን ሁለት ጊዜ ወርዷል፤ የትኛው ይሆን?» ብላ ራሷን ትጠይቃለች። የማትጠራጠረው ሰውዬው ናዳውን ሊጠርግ መምጣቱን ብቻ ነው።

ሀብተሥላሴ ግሬደር ነጂ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ግራ እግሩን ሳብ የሚያደርግ ሰው። እንኳየሁ ባሏ በሚሊሺያ ዘምቶ ከቀረ ወዲህ ከጎንደር በላይ ኮሶዬ ላይ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ከፍታ ትኖር ስለነበር፣ ምሳና ራቱን በወር ኮንትራት እሷ ዘንድ ያዘ። የመጀመሪያው ቀን ገና ሳይቀመጥ፣

«እህቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አላት። «እግሬ ተሰብሮ ሆስፒታል በተኛሁበት ደም ረግቶብኝ ነበር። አሁን ደም የሚያቀጥን ክኒን እውጣለሁ። ሐኪሙ ጎመንን በልክ ብሎኛል። በየቀኑ ለምሳ አንድ ጭልፋ፤ አታብዢብኝ፣ አታጉድይብኝ።»

«ይኸ ምን ችግር አለው፣ አያ? ጎመኑ ከጓሮ ነው» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ጾምም ይሁን ፍስክ ያቺ አንድ ጭልፋ ከምሳው አትለይም። ዓለምነው የሚባል የጭነት ማኪና ሾፌር፣ አፉ የማያርፍ፣ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ይነካካዋል። «አንቺ እንኳየሁ፣ ለዚህ ሰው ሥጋ አትሸጭለትም እንዴ? ወይስ ጥጃ ነው የምታደልቢው?» ሀብተሥላሴ ፈገግ ብሎ «ጎመን በጤና!» ይልና ይጎርሳል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እሷም ትስቃለች። በየወሩ ደሙን ሊያስመረምር ጎንደር ሲወርድ ለእሷ ሳሙና ሳይዝ ተመልሶ አያውቅም፤ የጓዳዋን በር ያቃናውም እሱ ነው። ስለዚህ ነገር ግን ሁለቱም ተናግረው አያውቁም።

ፋሲካ መጣ። መንገደኛው በዝቶ ቤቱ ሞልቷል። እንኳየሁ ዶሮውን አውጥታ፣ ከጎኑ የሀብተሥላሴን ጎመን አስቀመጠች።

«ኧረ በሕግ!» ብሎ ጮኸ ዓለምነው። «ሁዳዴውን ሙሉ ሲግጠው ከርሞ በጎመን ሊገድፍ? አያ ሀብቴ፣ የቀረብህ የጾም ዕዳ አለ እንዴ?»

«ምናልባት ዶሮው አልበቃ ብሏት ይሆናል» አለ ከጥግ አንድ መንገደኛ።

ይህቺ እንኳየሁን አጥንቷ ድረስ ዘለቀች። በፋሲካ ቀን ጎመን የሚቀርብበት ቤት ተብሎ ሊወራባት! የጎመኑን ሳህን አንሥታ ወደ ጓዳ መለሰችው። የሚጎዳው መብዛቱ ነው፤ ቢቀርበትማ ምን ይሆናል? አለች በሆዷ። ከዚያም ዶሮውን ከነእንቁላሉ በእንጀራ ጠቅልላ ወደ አፉ ዘረጋችለት።

«በሞቴ፣ አያ!»

ሀብተሥላሴ ወደ ጓዳው በር ተመለከተ። ቀጥሎ እሷን ተመለከታት። አፉን ከፈተ።

ፋሲካ ነው ብላ ሳምንቱን በሙሉ ጎመን አላቀረበችለትም፤ እሱም ጎመኔ የት አለ አላላትም። የሰጠችውን ይበላል፣ «እጅሽ ይባረክ» ይላል፣ ይሄዳል። ክንዱ ላይ በለዝ አይታ ስትጠይቀው፣ «ብረት መትቶኝ ነው» አላት። በዳግም ትንሣኤ ማግስት አፍንጫው መድማት ጀመረ። ቀዝቃዛ ውሃ ቢያፈሱበት፣ ቢይዙለት፣ አልቆም አለ። የእንኳየሁ ነጠላ በደም ራሰ። ያ ቀልደኛ ዓለምነው ደግፎ የማኪናው ጋቢና ውስጥ አስገባው፤ እንኳየሁም ራሱን ደግፋ እስከ ጎንደር ወረደች።

ሐኪሙ ደሙ ከቆመ በኋላ ወደ እሷ መጣ። «ምግቡን የምትሠሪለት አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ጎመን አቋርጧል?»

«እኔ ነኝ ያስቀረሁበት። ለፋሲካ ብዬ።»

«መድኃኒቱን የመጠንነው በየቀኑ ከሚበላው ጎመን ጋር ነው» አላት፣ ሳይቆጣ። «ጎመኑ የክኒኑን ጉልበት ይይዘዋል። ጎመኑ ድንገት ሲቀር ክኒኑ ልጓም አጣ፤ ደሙም አልረጋ አለ። ለእሱ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። አሳምሮ ያውቃል።»

ያውቃል። እንኳየሁ ቤቷ ተመልሳም ይህቺው ቃል አላስተኛት አለች። እያወቀ ምነው ጎመኑን ሳይጠይቅ በላ? በሞቴ ስላለችው ነው? በሰው ፊት እንዳያሳፍራት ነው? ወይስ ሌላ ነገር አለው? ቅዳሜ ሲደርስ ከጓሮዋ ጎመን ቀንጥሳ ሠራች፣ በክዳን ሳህን ያዘች፣ መንገዱን ሁሉ ጥያቄዋን ስታሰናዳ ጎንደር ደረሰች።

ከሆስፒታሉ በር ላይ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ሞተሩ ተነሥቶ ቆሟል። ሀብተሥላሴ ከነሻንጣው ተቀምጦበታል፤ ፊቱ ገርጥቷል።

«ድኛለሁ፣ አይዞሽ» አላት በመስኮቱ። «ቆላ፣ መተማ መንገድ አዛውረውኛል።»

ሳህኑን አቀበለችው። ክዳኑን ገለጥ አድርጎ አየና፣ «አንድ ጭልፋ ነው?» አላት።

«አንድ ጭልፋ ነው።»

ፈገግ አለ። ሳህኑን ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«አያ፣ አንድ ነገር…» አለች።

ሾፌሩ ማርሽ አስገባ።